ከኳስ እስከ ሌዘር፤ የማውስ ታሪክና የጠረጴዛው ገጽ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የማሳ ድንበር እንደ ቀላል ነገር ታይቶ አያውቅም። ርስት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ በኖረበት አገር አንድ ክንድ መሬት ሽማግሌ ያስቀምጣል፣ ከዳኛ ፊት ያቆማል፣ ሲብስም ወንድምን ከወንድሙ ያቆራርጣል። የድንበሩ ምስክሮች ድንጋዩ፣ ዛፉ፣ የውሃ መውረጃውና በአካባቢው ያረጁ ሰዎች ነበሩ። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የገጠር መሬት ይዞታ በደብተር መመዝገብ ሲጀምር እንኳ፣ የመጀመሪያው ደረጃ ምዝገባ የማሳውን ስፋት በገመድና በግምት፣ ወሰኑን ደግሞ በአዋሳኞቹ ስም የሚያሰፍር ነበር።

ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ግን ካርታ ይጠይቃል። በዚህ አሠራር ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ባሉበት፣ የማሳው ወሰን ከአየር ላይ ተነሥቶ በወረቀት በታተመ ምስል ላይ ይሰመራል። ወረቀቱ ወደ ጽሕፈት ቤት ተወስዶ ወደ ኮምፒዩተር ከገባ በኋላ፣ ሠራተኛው መሥመሩን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እየተከተለ በማውስ ይስለዋል። መጠኑ 1 ለ2000 በሆነ ካርታ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር በምድር ላይ ሁለት ሜትር ነው። እጁ የያዘው መሣሪያ በማዕዘኑ ላይ ቢዘል ወይም ቢንቀጠቀጥ የገበሬው ወሰን አብሮ ይዘላል። እርግጥ ሥራው ሲያልቅ ካርታው ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ይታያል፤ ስሕተት የተገኘበትም ይታረማል። ነገር ግን የጎደለውን ማሳ ዐይቶ የሚጮኽ ሰው፣ በአንድ ሜትር የተገፋውን መሥመር በዐይኑ ለይቶ ማወቁ ያጠራጥራል።

እንግዲህ ይህ ትንሽ መሣሪያ ባረጀ ጊዜ የሚተካው በምን መመዘኛ ነው? አብዛኛውን ጊዜ በዋጋውና በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ትልቅ ቁጥር ነው። «ሌዘር» የሚል ቃል ያለበት ሁሉ ከሌላው የተሻለ ይመስላል። የማውስ ታሪክ የሚያስረዳው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ማውስ የሚሻሻለውና የሚከሽፈው በሚሄድበት ገጽ ላይ ስለ ሆነ፣ የመሣሪያው ጉዳይ ከጠረጴዛው ጉዳይ ተለይቶ አያውቅም።

ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ማውስ በእንግሊዝኛ አይጥ ማለት ነው፤ ከኋላው የሚወጣው ገመድ ጭራ ስለ መሰላቸው የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች እንዲሁ ጠሩት፤ ስሙን ማን እንዳወጣው ግን ፈልሳፊው ራሱ በኋላ ለማስታወስ አልቻለም። በእኛም አገር «አይጥ» ብለው ሊተረጉሙት የሞከሩ አልጠፉም፤ ሆኖም ቃሉ እምብዛም አልተለመደም። መንዞች በጓሳ ሣር ውስጥ የሚርመሰመሰውንና የቀይ ቀበሮ ቀለብ የሆነውን እውነተኛውን አይጥ አጥብቀው ስለሚያውቁት፣ ስሙን ለጠረጴዛ ዕቃ ለማዋስ ባይቸኩሉ የሚያስገርም አይደለም።

ፈልሳፊው ዳግላስ ኤንግልባርት ይባላል። በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሲሠራ በስክሪን ላይ ያለን ነገር ለመጠቆም የሚያመች መሣሪያ ይፈልግ ነበር፤ የሥራ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያውን ሠራለት። ከእንጨት የተፈለፈለች አንዲት ቁልፍ ያላት ሣጥን ነበረች፤ ከሆዷ በታች እርስ በርሳቸው ቀጥ ያለ ማዕዘን የሠሩ ሁለት ስል መንኰራኵሮች ነበሯት። አንደኛው ወደ ጎን፣ ሁለተኛው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለውን እንቅስቃሴ ይለካል። ሰዎቹ መሣሪያቸውን በግምት አላመኑትም፤ ከብርሃን እስክሪብቶ፣ ከጆይስቲክ፣ እንዲያውም በጉልበት ከሚንቀሳቀስ መጠቆሚያ ጋር አወዳደሩት። ለጀማሪዎች ሌሎቹ የቀለሉ ሆነው ሲገኙ፣ ለለመዱት ግን ማውሱ አሸነፈ። ኤንግልባርት በታኅሣሥ 1968 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ ለባለሙያዎች በይፋ አሳየው፤ የፈጠራ መብቱም በ1970 ተመዘገበ። መብቱ ዓለም ሁሉ ማውስ መግዛት በጀመረበት በ1980ዎቹ መገባደጃ ላይ ማለቁ ከቴክኖሎጂ ታሪክ ግፎች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል።

የመንኰራኵሩ ጉድለት ቶሎ ታየ። ሣጥኒቱ በሰያፍ ስትሄድ መንኰራኵሮቹ በከፊል ይሽከረከራሉ፣ በከፊል ይንሸራተታሉ። መፍትሔው ኳስ ሆነ። የኳስ ሐሳብ ከማውሱ በፊት የነበረ ነው፤ የካናዳ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1952 ለሠራው መሣሪያ የቦውሊንግ ኳስ ተጠቅሞ ነበር፤ እዚያ ግን ኳሱ በላይ ሆኖ በእጅ ይሽከረከራል። የምዕራብ ጀርመኑ ቴሌፉንከን በ1968 ኳሱን ገልብጦ ከታች አደረገው። በዜሮክስ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከልም ወደዚያ የተዛወረው ቢል ኢንግሊሽና ጃክ ሃውሊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኳስ ያለውን ማውስ ለአልቶ ኮምፒዩተር አዘጋጁ። ከዚያ በኋላ በ1981 የዜሮክስ ስታር፣ በ1983 የአፕል ሊሳ፣ በጥር 1984 ማኪንቶሽ ተከታትለው ሲወጡ ኳሱ ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት ተንከባለለ።

የኳሱ አሠራር ለመረዳት አይከብድም። በጎማ የተለበጠ ከባድ ኳስ በጠረጴዛው ላይ ሲንከባለል ሁለት ዘንጎችን ያዞራል፤ በየዘንጉ ጫፍ ላይ ዙሪያውን የተበሳ ክብ ሰሌዳ አለ፤ በሰሌዳው አንድ ወገን ያለው ጨረር በቀዳዳዎቹ እያለፈ ሲቋረጥና ሲቀጥል በሌላው ወገን ያለው ዳሳሽ ይቈጥረዋል። ሥራው ትክክለኛ ነው፤ ኳሱ ንጹሕ እስከ ሆነ ድረስ። ነገር ግን ኳስ ማለት የጠረጴዛውን ጉድፍ እየለቀመ ወደ ሆዱ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። አቧራው፣ የእጅ ወዙና የጨርቁ ብናኝ በዘንጎቹ ላይ እንደ ቀለበት ይጠመጠማሉ፤ ከዚያም ጠቋሚው በአንድ አቅጣጫ ይነክሳል፣ በሌላው ይዘላል። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር የነካ ሠራተኛ ሁሉ ክዳኑን ከፍቶ ኳሱን እያጠበ ዘንጎቹን በጥፍሩ ሲፍቅ የዋለበትን ቀን ያስታውሳል። ባናና ዝተት በሚሠራበት፣ ብርዱም ከሱፍ ልብስ በማያላቅቅበት ደጋ ደግሞ የበግ ፀጉር ብናኝ ከእጅጌ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ኳስ ለመሄድ መንገድ አያጣም።

ኳሱን ለማስቀረት የተደረገው የመጀመሪያው ሙከራ ከሚታሰበው በላይ ቀደም ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ፣ በብርሃን የሚሠራ ማውስ ፈለሰፉ። አንዱ ስቲቭ ኪርሽ ሲሆን፣ የእርሱ ማውስ የሚሠራው መሥመር በተሰመረበት ልዩ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነበር፤ መብራቶቹ መሥመሮቹን ሲያቋርጡ ዳሳሾቹ ይቈጥራሉ፤ ሰሌዳው ጥቂት ከዞረ ግን አቅጣጫው ይፋለሳል። ሁለተኛው በዜሮክስ የነበረው ሪቻርድ ላየን ነው። የላየን ሐሳብ ጠለቅ ያለ ነበር፤ በአንዲት ቺፕ ላይ አራት በአራት የተደረደሩ 16 የብርሃን ሕዋሳትን አኖረ፤ ከሥራቸውም ነጥብ የበዛበት ወረቀት ዘረጋ። ብርሃን ቀድሞ የደረሰው ሕዋስ ጎረቤቶቹን ዝም እንዲያሰኝ በማድረግ፣ ቺፑ የነጥቦቹን ሥዕል ራሱ እያወቀ ወዴት እንደ ተንቀሳቀሱ እንዲወስን አስቻለው። ይህን ዘዴ የቀሰመው ሕያው ዐይን ከሚሠራበት መንገድ ነበር። ይሁንና ሁለቱም ልዩ ሰሌዳ ስለሚጠይቁ፣ ሰሌዳው የጠፋበት ወይም የተቧጨረበት ሰው ማውሱን አብሮ ያጣ ነበር። በመሆኑም ዓለም ከኳሱ ጋር ሌላ ሃያ ዓመት ያህል ቈየ።

ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሂውሌት ፓካርድ በወረቀት ላይ እየተንቀሳቀሰ ጽሑፍ ለሚቀዳ መሣሪያ ባዳበረው ጥበብ ላይ ተመሥርቶ፣ ማይክሮሶፍት ልዩ ሰሌዳ የማይጠይቅ ማውስ አወጣ። በሆዱ ውስጥ ትንሽ ካሜራ አለ። ቀይ ኤል.ኢ.ዲ. መብራት ገጹን ከጎን በዝቅታ ያበራዋል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ በታረሰ ማሳ ላይ እያንዳንዱ ጓል ረጅም ጥላ እንደሚጥል ሁሉ፣ ለስላሳ የሚመስለው ጠረጴዛም በዚህ ብርሃን ጉብታና ስርጉድ ሆኖ ይታያል። ካሜራው ይህን ጥላ በሴኮንድ 1500 ጊዜ ያነሣል፤ ቺፑ አንዱን ምስል ከሚቀጥለው ጋር አስተያይቶ ምን ያህል እንደ ተንሸራተተ ያሰላል። እጅ በሴኮንድ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሄድ በሁለት ምስሎች መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ገጹን ማዘጋጀት የሰው ሥራ መሆኑ ቀረ፤ ገጹን ማንበብ የመሣሪያው ሥራ ሆነ።

ነገር ግን የሚነበብ ነገር በሌለበት ማንበብ አይቻልም። መስተዋት፣ ብርሃኑን የሚያሳልፍ የጠረጴዛ ብርጭቆና እጅግ የተወለወለ ገጽ ጥላ ስለማይጥሉ ቀዩ መብራት በእነርሱ ላይ ይታወራል። በ2004 ሎጂቴክ ያወጣው የሌዘር ማውስ ይህን ጉድለት ለመሙላት የታሰበ ነበር፤ የሌዘር ብርሃን የተቀናጀ ስለ ሆነ ኤል.ኢ.ዲ. የማያሳየውን ረቂቅ ሸካራነት ያጎላል፣ በተወለወለ ገጽም የተሻለ ይሠራል። በ2008 ማይክሮሶፍት ሰማያዊ ብርሃን የሚጠቀመውን፣ በ2009 ሎጂቴክ በብርጭቆ ላይ ሳይቀር የሚሄደውን ዐይነት አከታተሉ።

ሌዘር ብዙ ማየቱ ታዲያ ሁልጊዜ በጎ አይደለም። በለስላሳና ባለ ክር ገጽ ላይ ሲሄድ የላዩን ብቻ ሳይሆን የውስጡንም ክር ስለሚያነብ፣ እጁ ቀስ ሲል አንድ ልክ፣ ሲፈጥን ሌላ ልክ ሊሰጥ ይችላል። ጠረጴዛው ጨርቅ የለበሰ ከሆነ ወይም ማውሱ የሚሄደው በጨርቅ ምንጣፍ ላይ ከሆነ፣ በርካሽ የሚገኘው ተራው የኤል.ኢ.ዲ. ማውስ ከውዱ ሌዘር የረጋ ሥራ ሊሠራ ይችላል። በባና ላይ ግን የትኛውም አይመከርም፤ የጸጉሩ ከፍና ዝቅ ማለት ካሜራው ከገጹ ያለውን ርቀት ስለሚለዋውጥ ምስሉ ይደበዝዛል። ብርጭቆ በተነጠፈበት የኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አንድ ወፍራም ወረቀት ወይም ካርቶን ማንጠፍ የሌዘርን ዋጋ ያድናል። ቀይ ብርሃኑ የማይታየው ኢንፍራሬድ ኤል.ኢ.ዲ. ያለውም አሠራሩ ያው ነው፤ ኤሌክትሪክ ስለሚቈጥብ በባትሪ ለሚሠሩት ተመራጭ ሆኗል።

በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር በአንድ ኢንች እንቅስቃሴ ማውሱ ስንት ጊዜ እንደሚቈጥር የሚያመለክት ነው። በኢንች 800 የሚቈጥር ማውስ አንድ እርምጃው ከአንድ ሚሊ ሜትር ሠላሳ አንደኛ ገደማ ነው፤ ለጽሕፈት ቤት ሥራም ለካርታ ሥራም ይህ ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር ጠቋሚውን ያፈጥነዋል እንጂ እጅን አያስተካክልም። በአንዳንድ ርካሽ ዕቃ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ ዳሳሹ በእርግጥ ያየው ሳይሆን በስሌት የተባዛ ነው፤ ይህ ዐይነቱ ቁጥር ለማዕዘን ሥራ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

አሮጌው ከመጣሉ በፊት ደግሞ የሞተው ምኑ እንደ ሆነ መለየት ይገባል። ዛሬ ዳሳሽ እምብዛም አይሞትም። ቀድሞ የሚያረጀው ከቁልፉ ሥር ያለው ትንሹ ማብሪያ ነው፤ አንድ ጊዜ ሲጫኑት ሁለት ጊዜ እንደ ተጫኑት ይቈጥራል፣ በካርታ ሥራም አንድ ማዕዘን ሁለት ሆኖ ይመዘገባል። ቀጥሎ ገመዱ በአንገቱ ላይ ይሰበራል። በዳሳሹ ጉድጓድ ውስጥ የተሰነቀረ አንድ የበግ ጸጉርም ጠቋሚውን ሊያንቀጠቅጠው ይችላል፤ ይህ በእፍታ ይድናል እንጂ አዲስ ዕቃ አያስገዛም። አሮጌ ኮምፒዩተር ያለበት ቢሮም መሰኪያው ዩ.ኤስ.ቢ. ወይም የቀድሞው ክቡ ፒ.ኤስ.2 መሆኑን ሳያይ ገዢ መላክ የለበትም፤ ከመሐል ሜዳ ወይም ከራቤል ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ደርሶ መመለስ የቀን ሥራ ያስቀራል።

ገዢው በሱቁ ውስጥ ሊያደርገው የሚገባ አንድ ፈተና አለ፤ ለዚህም የጠረጴዛውን ጨርቅ ቍራጭ ወይም የሚሠራበትን ምንጣፍ ይዞ መሄድ ያሻዋል። የማንኛውንም ኮምፒዩተር ሥዕል መሣሪያ ከፍቶ ከአንድ ነጥብ ይነሣና አራት ማዕዘን ሥሎ ወደዚያው ነጥብ ይመለስ፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ በፍጥነት። ከዚያም ማውሱን ከገጹ አንሥቶ በዚያው ቦታ ያስቀምጠው፤ ጠቋሚው ሲነሣ የሚዘል ከሆነ ያ ማውስ በሠራተኛው እጅ ሲነሣም ይዘላል። በመጨረሻም እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ጠቋሚውን በአንድ ማዕዘን ላይ ያቁምና ለአንድ ደቂቃ ሳይነካው ይመልከተው።