የከንፈር ባለቤት

በወሎ የአቀስታ ገበያ በሚደራበት ቀን ከዳሩ ካለች አንዲት አረቄ ቤት በር ላይ ትንሽ ቆም ማለት ደስ ይለኛል። ውስጥ ጠርሙሱ በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፎ ተቀምጧል፤ ባለቤቲቱ በመለኪያ ትቀዳለች፣ ገበሬው ፊቱን አጨማዶ በአንድ ትንፋሽ ይገለብጣል። ደጅ ላይ አንድ ጎረምሳ በኮባ የተጠቀለለ ጫቱ እንዳይጠወልግ በእጁ ውሃ ያርከፈክፍበታል። ጫቱ የዚህ አገር ብቃይ አይደለም። የለጋምቦ ብርድ ለገብስ እንጂ ለጫት አይሆንም፤ ከቆላ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ከጎኑ ጥሬ ቡና በጣሳ የምትሰፍር ሴት አለች፣ ከኋላዋ ሲጋራ በፍሬ የሚሸጥባት ሱቅ። ፖሊስ በዚህ ሁሉ መሀል ያልፋል፤ ዞር ብሎም አያይ።

የዛሬ 145 ዓመት ገደማ ግን በዚሁ ደጋ ላይ ቡናና ጫት የሰውን ሃይማኖት ያስመረምሩ ነበር፣ ትምባሆ ደግሞ ከንፈር ያስቆርጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተክሎቹ አልተለወጡም። የተለወጠው “ይህ ገላ የማን ነው?” ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው። ጥያቄው በየዘመኑ ተመልሷል፤ ባለገላው የተጠየቀበትን ጊዜ ግን ፈልጌ እምብዛም አላገኘሁም።

ጫት በታሪካችን ገና ከጥዋቱ ብቅ የሚለው በዛቻ ውስጥ ነው። የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ በ1324 ዓ.ም. ግድም የተነሳው የይፋቱ ሰብረዲን ከፎከረባቸው ነገሮች አንዱ የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት እንደሚተክልበት ነበር፤ ሙስሊሞች የሚወዱት ቅጠል ነውና። ቤተ ክርስቲያኑን መስጊድ አደርጋለሁ ከሚለው ጋር አብሮ የተነገረ ዛቻ ነው። ቅጠሉ ልብን ያነቃ ይሆን እንቅልፍ ይንሳ፣ ለጸሐፊውም ለፎካሪውም ጉዳያቸው አልነበረም። ጫት ያኔ ሰንደቅ ነበር።

ሰንደቅነቱ ወሎን ያስከፈለው ዋጋ የታየው በግንቦት 1870 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ሰብስበው የቤተ ክርስቲያኑን የሃይማኖት ክርክር ዘጉ፤ የወሎ ሙስሊምም በተቆረጠ ጊዜ ውስጥ እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወረ ሂመኖው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል። መናገሻቸው የነበረችው ተንታ ከአቀስታ ጎረቤት ናት። እንደ ሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉት እምቢ ብለው ጦር አነሱ፤ ብዙው ሕዝብ ግን ቀን ክርስቲያን፣ ሌት ሙስሊም ሆኖ ከረመ። ቀን የሚሳለም፣ ሌት የሚሰግድ ሰው ጸሎቱን በልቡ ሊይዝ ይችላል። የሚቆላ ቡና ሽታ ግን በልብ አይያዝም፣ ከጎጆ ወጥቶ ያሳጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ አፍ የሚቀምሰው ነገር ሁሉ ምስክርነት ይሆናል።

በትምባሆ ላይ ዐፄ ዮሐንስ የወሰዱት እርምጃ በዘመኑ ተጓዦች ጽሑፍ የታወቀ ነው፤ ጋያ ያጨሰ ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበ አፍንጫውን ያጣ ነበር ይላሉ። ቅጣቱ ወንጀሉ ያለፈበትን በር ይመርጣል። የማጨስን ጉዳት ለመከላከል የማይታሰብ ጉዳት ማድረስ ዛሬ ግራ ያጋባናል፤ በዚያ ሒሳብ ግን ከንፈሩ የአጫሹ አልነበረም። የተጠመቀ ከንፈር ነውና የቤተ ክርስቲያን፣ የተገዛ ከንፈር ነውና የንጉሡ ነበር።

ቡና ግን አመለጠ። ለዘመናት “የእስላም መጠጥ” ተብሎ በክርስቲያኑ ቤት የተወገዘው ቡና በ1870ዎቹ ከውግዘቱ መውጣት ጀመረ፤ ምኒልክ ራሳቸው ጠጡት፣ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥላቻ በማለዘብ ይመሰገናሉ። በሙስሊሙም ዓለም ቢሆን መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1511 የመካ ገዥ ቡናን ከልክሎ ከካይሮ በመጣ ትእዛዝ ነው የተሻረበት። ዛሬ ማርያምን ብላ የምትምል የመካነ ሰላም ባልቴት በረካውን ሳትጠጣ ከቤት አትወጣም፤ አያቶቿ ይህን ስኒ ይጸየፉት እንደነበር ብትነግሯት ትስቅባችኋለች።

ስለ ገላ የምር ክርክር ሲደረግ ያየሁት ፖሊስ በሌለበት ነው፣ በወዳጃ የጸሎት ስብሰባ ላይ። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ሼህ ቤት ወዳጃ ሲኖር ክርስቲያኑ አያቴም ይጠሩ ነበር። እጣኑ ይጨሳል፣ ጫቱ ይመረቃል፣ ዱበርቲ የሚባሉት ሴቶች ከመጋረጃው ወዲያ አሚን ይላሉ፣ መንዙማው ይቀጥላል። አያቴ የተሰጣቸውን የጫት እንጨት በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ይቋጥሩታል፤ ሲወጡ ለሚወድ ሰው ይሰጡታል። እምቢ አላሉም፣ አልቃሙምም። ሼሁም ቋጠሮውን ያዩታል፣ ምንም አይሉም። ከጊዜ በኋላ የሼሁ ልጅ ተምሮ መጥቶ ጫት ሐራም ነው ሲል ከአባቱ ጋር ሲሟገት ሰምቻለሁ። ሙግቱ አዲስ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዘመን መካ የነበሩት ዓሊም ኢብን ሐጀር አል ሀይተሚ ስለ ጫት ከየመን ተጠይቀው መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ቀማሾቹ ስለ ቅጠሉ የሚሰጡት ምስክርነት ስለተለያየባቸው መራቁን መከሩ እንጂ ሐራም ብለው ቁርጥ አላደረጉትም። የአንዱ ሰው ገላ እንደሌላው አይደለምና። ከገዥዎች ሁሉ ይልቅ እኚህ ዓሊም ለጥያቄው ቀርበዋል ባይ ነኝ።

መንግሥት በበኩሉ ከንፈር ከመቁረጥ ወደ መቅረጥ ተሸጋገረ። ጣልያን ከወጣ በኋላ ትምባሆ የመንግሥት ሞኖፖል ሆነ። ያ ድርጅት ዘመን ተሻግሮ በ2008 ዓ.ም. 40 በመቶ ድርሻው ለጃፓን ቶባኮ በ510 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በ2010 የጃፓኖቹ ድርሻ ከ70 በመቶ አለፈ። ዐፄ ዮሐንስ ይህን ቢሰሙ! ጫትም እንዲሁ ነው፤ ኤክሳይስ ይከፈልበታል፣ በአውሮፕላን ተጭኖ ዶላር ያመጣል። ገቢ የሚያስገባለትን ነገር መከልከል ለማንም ግምጃ ቤት ከባድ ነው።

የውጭ ስምምነቶች ደግሞ ሌላ ድንበር ይዘው መጡ። ሐሺሽ ከዓለም አቀፉ የክልከላ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1925 ጄኔቫ ላይ በግብፅ ጉትጎታ ነው። የጫት ንጥረ ነገር ካቲኖን እ.ኤ.አ. በ1971ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቁ ሰንጠረዥ ተመድቧል፣ ቅጠሉ ግን የለበትም። እንግሊዝ የራሷ የባለሙያዎች ምክር ቤት አትከልክሉ እያላት ጫትን ከሰኔ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከለከለች፤ ባንዱ አየር ማረፊያ ገቢ የሆነው ጭነት በሌላው ወንጀል ነው። በእኛው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትና ማዘዋወር ብቻ ሳይሆን መጠቀምም ያስቀጣል። ይህ ቃል ከማንም በላይ የሚከብደው ሻሸመኔ በንጉሡ ስጦታ መሬት ላይ የሰፈሩትን ራስታዎች ነው፤ ለእነሱ ካናቢስ የጸሎት እጣን ነው፣ ለሕጉ ግን ማስረጃ። በደቡብ አፍሪካ ጋሬት ፕሪንስ የተባለ ራስታ የሕግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2002 በሃይማኖት ነጻነት ተከራክሮ ተረታ፤ በ2018 ግን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ አዋቂ ሰው በግል ስፍራው የሚያደርገውን የግል ሕይወት መብቱ ይጠብቀዋል ብሎ ፈረደለት። የእኛም ሕገ መንግሥት 26ኛው አንቀጽ የግል ሕይወትን ያስከብራል። ፊደሉ ከደቡብ አፍሪካው ብዙ አይርቅም።

“በገዛ ገላዬ ምን አገባችሁ” የሚለው ሙግት ልቤን ይስበዋል፣ ግን አቀስታ ላይ ሙሉ ሆኖ አይቆምም። ያ በመለኪያ የሚገለብጠው ገበሬ የበግ ዋጋ ይዞ ነው የመጣው፤ ሚስቱ ከገበያው ማዶ ጨውና ጋዝ ለመግዛት ትጠብቀዋለች። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወረደ፣ ከ21 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሸጥ ከለከለ፣ በዝግ የሕዝብ ስፍራ ማጨስንና ሺሻን አገደ። ደግ ነው። ሆኖም ቆረቆንዳ የተወተፈው ጠርሙስ ማስታወቂያም ምልክትም ኖሮት አያውቅም፤ ሕጉ የሚይዘው እጀታ የለውም። ሺሻ ቤት ግን በሩ ይታወቃልና ይሰበራል። ለገበሬው ሚስት ደግሞ ባሏ ቢታሰር በጉም ገበሬውም ሄዱ ማለት ነው።

ማንም አዋጅ ያልደረሰበት አንድ ነገር አለ፣ አብሾ። ከየቆሻሻ መጣያው ዳር ከሚበቅለው አስተናግር ተዘጋጅቶ፣ ትምህርት እንዲገባው እየተባለ ለቆሎ ተማሪ የሚሰጥ መጠጥ ነው። (በአስተናግር ውስጥ ያለውን ስኮፖላሚን የዘመኑ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ማስታወስን ለማዳከም መሆኑ የታሪክ ቀልድ ይመስለኛል።) አብሾ የቀመሰ ሰው ዕድሜ ልኩን መጠጥ ይነሳበታል፤ ሞቅ ሲለው ያብዳል ይባላል።

መካነ ሰላም በአንድ ሠርግ ላይ ከሳይንት በኩል የመጡ አንድ መሪጌታ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ጠላ ቀጂዋ እሳቸው ዘንድ ስትደርስ ሌላዋ ሴት በጆሮዋ፣ “ለየኔታ ውሃ አምጭላቸው፣ አብሾ አለባቸው” አለቻት። ሰምተዋል።

“ስንት ዓመትዎ ነበር የኔታ?” አልኳቸው።

“ዘጠኝ። መምህሬ ጠጣ አሉኝ፣ ጠጣሁ። ሦስት ቀን አላውቅም።”

“ጠይቀውዎት ነበር?”

ትክ ብለው አዩኝ። “ልጅ ይጠየቃል እንዴ?” አሉና ትንሽ ቆይተው፣ “ቅኔው ግን ገብቶኛል፤ ያለሱም ይገባኝ እንደሁ ምን አውቃለሁ” አሉ። ቀጂዋ ዙራ ስትመለስ ዋንጫቸውን በመዳፋቸው ከደኑት።