የሙሉጌታ ሥራው ደም በሁለት ችሎት

ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1988) ሌሊት፣ በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ፣ ሁለት ኢትዮጵያውያን ጓደኞቹ ሙሉጌታ ሥራውን በመኪና አድርሰው ደጁ ላይ ሊያወርዱት ቆመው ነበር። የ28 ዓመቱ ሙሉጌታ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ከተሻገረ ዓመታት አልፈዋል፤ ለአንድ የመኪና አከራይ ድርጅት በአውሮፕላን ማረፊያ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። በዚያው መንገድ «ኢስት ሳይድ ዋይት ፕራይድ» የሚባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን አባላት የተሳፈሩበት ሌላ መኪና መጣ። በመንገድ ይገባኛል ስድብ ተጀመረ፤ ስድቡ ወደ ድብድብ ተለወጠ። ኬኔት ሚስኪ የሚባለው ወጣት በቤዝቦል ዱላ ሙሉጌታን ጭንቅላቱን መታው። ሙሉጌታ ሆስፒታል ደርሶ ሞተ።

የወንጀሉ ጉዳይ ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1989 ሚስኪ ነፍስ ማጥፋቱን አምኖ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በጥቃቱ አብረውት የነበሩት ካይል ብሩስተርና ሦስተኛው ጓደኛቸው ከግድያ ባነሰ የወንጀል አንቀጽ ጥፋተኝነታቸውን አምነው እያንዳንዳቸው የ20 ዓመት እስራት ተቀበሉ። ለዐቃቤ ሕግ ይህ ድል ነበር። ለታሪክ ጸሐፊ ግን ትልቅ ክፍተት ጥሎ አልፏል፤ ተከሳሾቹ ስላመኑ ምስክሮች ተራ በተራ ቀርበው በመስቀለኛ ጥያቄ የሚፈተኑበት ሙሉ ችሎት አልተካሄደም። እነዚህን ልጆች ያደራጃቸውና ያስተማራቸው ማን እንደሆነም በዚያ መዝገብ ላይ ተጣርቶ አልተወሰነም።

የሟች ቤተሰብም በዚያ መዝገብ ተከራካሪ አልነበረም። የወንጀል ከሳሽ መንግሥት ነው። የሟች ወገን በራሱ ስም ካሳ የሚጠይቅበት ክስ አሜሪካ በወረሰችው የእንግሊዝ ሕግ ወግ ውስጥ ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው፤ እስከ 1846 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የቆሰለ ሰው ካሳ ሊጠይቅ ሲችል፣ ለሞተ ሰው ወገኖቹ ሊጠይቁለት አይችሉም ነበር። በዚያ ዓመት ፓርላማው ያወጣው ሕግ በሩን ከፈተ፤ የአሜሪካ ግዛቶችም የየራሳቸውን ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። የማስረጃው መመዘኛም ይለያል። ወንጀሉ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ ሲኖርበት፣ ለካሳው የማስረጃው ሚዛን ወደ ከሳሹ ማጋደሉ ይበቃል። (የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2149፣ የወንጀል ችሎት ተከሳሹን ነፃ ማለቱ የካሳውን ጉዳይ የሚያየውን ዳኛ እንደማያስረው ደንግጓል።)

በዚህ በር የገባው የሙሉጌታ አጎት እንግዳው ብርሃኑ ነው። የሟች ንብረት ሕጋዊ ወኪል ሆኖ ቀረበ፤ ጉዳዩም በአሜሪካ የፍርድ መጻሕፍት «ብርሃኑ እና ሜትዝገር» እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ጠበቃው የ«ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር» መሥራች ሞሪስ ዲስ ነበር፤ የአይሁድ ተቋም የሆነው «አንቲ ዲፋሜሽን ሊግ»ም አብሮ ቆመ። ክሱ ሚስኪንና ብሩስተርንም ቢያካትት፣ በዋናነት ያነጣጠረው በካሊፎርኒያ በሚኖረው ቶም ሜትዝገር፣ በልጁ በጆንና «ዋይት አርያን ሬዚስታንስ» በሚባለው ድርጅታቸው ላይ ነበር። በዚያች ሌሊት አባትም ልጅም ፖርትላንድ አልነበሩም። በዚህ ሞት የወንጀል ክስም አልተመሠረተባቸውም።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1990 ፖርትላንድ ላይ በተሰማው ክርክር ዋናው ምስክር ዴቭ ማዜላ ነበር። ቀድሞ የሜትዝገሮቹ የወጣት ክንፍ ሹም የነበረ ነው፤ «ስኪንሄድ» የሚባሉትን የነጭ ዘረኛ ወጣቶች እንዲያደራጅና ጥቃት እንዲያስተምር ወደ ፖርትላንድ መላኩን መሰከረ። የከሳሽ ወገን ሰንሰለት ይህ ነው፤ ሜትዝገሮች ማዜላን ላኩ፣ ማዜላ ልጆቹን አነሣሣ፣ ልጆቹ ገደሉ። ቶም ሜትዝገር ያለ ጠበቃ ራሱ ተከራከረ። በወንጀል ቢከሰስና ጠበቃ ማቆም ቢያቅተው መንግሥት ያቆምለት ነበር፤ በካሳ ክስ ግን ይህ መብት የለም። የነፃነት ተቆርቋሪ ነን የሚሉ አንዳንዶችን ያስጨነቀው አንዱ ነጥብ ይኸው ነበር።

ኦክቶበር 22 ቀን 12ቱ የጁሪ አባላት 11 ለ 1 ወሰኑ። በኦሪገን በፍትሐ ብሔር ጉዳይ 9 ድምፅ ይበቃል። ጠቅላላው 12.5 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ 2.5 ሚሊዮኑ ለደረሰው ጉዳት፣ ቀሪው 10 ሚሊዮን ለቅጣት የተጣለ ነው። ከቅጣቱ 5 ሚሊዮን በቶም፣ 3 ሚሊዮን በድርጅቱ፣ 1 ሚሊዮን በጆን፣ ግማሽ ግማሽ ሚሊዮን በሚስኪና በብሩስተር ላይ ተወሰነ። ድርሻው ተገልብጦ ይታያል፤ በወንጀሉ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሚስኪ ትንሹን ሲይዝ፣ ወንጀለኛ ያልተባለው ሰው ትልቁን ተሸከመ።

ይህ ውሳኔ እውነቱን አረጋገጠ ወይስ ተጽዕኖ ያለውን ሰው ለመያዝ ሰንሰለቱን ለጠጠው? ኤሊኖር ላንገር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው «ኤ ሀንድረድ ሊትል ሂትለርስ» በተባለ መጽሐፍ፣ ግድያው ከድንገተኛ የመንገድ ጠብ የመጣ መሆኑንና የሜትዝገር እጅ በደንብ አለመታየቱን ተከራክራለች። ለእኔ ጥርጣሬዋ በአንድ ነገር ይጠነክራል፦ የማዜላን ቃል በሙያ የሚፈትን ጠበቃ በተከሳሽ ወንበር ላይ አልነበረም። በሌላ በኩል ግን፣ የካሳው ክስ ባይኖር ኖሮ የማዜላ ቃል በየትኛውም ችሎት ላይሰማ፣ ላንገርም የምትጠራጠረው መዝገብ ላይኖራት ይችል ነበር። ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ያልተረጋገጠን ነገር «ተረጋገጠ» ብሎ መጻፍ ግን የሁለቱን ችሎት ልዩነት መዘንጋት ነው፤ ስለ ሙሉጌታ የተጻፉ ብዙ ጽሑፎች ይህን ያደርጋሉ።

የኦሪገን ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 ውሳኔውን አጸና፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን ለማየት አልፈቀደም። ሜትዝገር በካሊፎርኒያ ፎልብሩክ የነበረው ቤቱ ተሸጦበት ገንዘቡ ለሙሉጌታ ልጅ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ የተገኘው ከ12.5 ሚሊዮኑ አንፃር ጥቂት ነው። ሚስኪ እ.ኤ.አ. በ2011 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ቶም ሜትዝገር እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሞት አብዛኛው ዕዳ አልተከፈለም ነበር።