ግሪንያርድ፦ ለ48 ዓመት የተዘጋችው ደሴት

ከስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ግሪንያርድ 196 ሄክታር ስፋት ያላት ትንሽ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1942 ናዚ ጀርመን የጀርም መሣሪያ ሳታዘጋጅ አትቀርም በሚል ስጋት፣ የብሪታንያ መንግሥት ደሴቷን ለጦር ሙከራ ወሰዳት። በፖል ፋይልድስ የሚመሩት የፖርተን ዳውን የጦር ምርምር ማዕከል ሳይንቲስቶች የመረጡት የኢትዮጵያ ገበሬ አባ ሰንጋ የሚለውን በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ነበር። በጎች ተጓጉዘው ደሴቷ ላይ ታሰሩ፤ አጠገባቸው ቦምብ ፈነዳ፤ ብናኙ በነፋስ እየተነዳ በላያቸው አለፈ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በጎቹ መርገፍ ጀመሩ።

ሙከራው ተሳካ፤ አፈሩ ግን ተበከለ።

ብክለቱ በቀላሉ የማይለቅበት ምክንያት ቀድሞም ይታወቅ ነበር። በ1876 ሮበርት ኮክ የተባለ ጀርመናዊ የገጠር ሐኪም ባክቴሪያውን ከከብት ዓይን በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ አሳድጎ በማይክሮስኮፕ ተከታተለው። ዘንግ የሚመስሉት ባክቴሪያዎች እየረዘሙ ክር መሰሉ፤ ከዚያም በውስጣቸው የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን እንክብሎች ታዩ። እነዚህ ስፖሮች ምቹ ቦታ ሲያገኙ ተመልሰው ባክቴሪያ ሆኑ።

ስፖር የሚሠራው ምግብ ሲጠፋ ነው። ባክቴሪያው እኩል ባልሆነ መንገድ ለሁለት ይከፈላል፤ ትልቁ ክፍል ትንሹን ውጦ በራሱ ውስጥ ያሳድገዋል። እናቲቱ ሕዋስ ዲፒኮሊኒክ አሲድ እያመረተች ወደ ውስጥ ታስገባለች፤ አሲዱ ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ የውሃውን ቦታ ይይዛል። በሚያድግ ባክቴሪያ ውስጥ 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው ውሃ በስፖሩ እምብርት ከ25 እስከ 50 በመቶ ብቻ ይሆናል። ትናንሽ ፕሮቲኖች ዲኤንኤውን አጥብቀው ይሸፍኑታል፤ ወፍራም ሽፋኖችም ይደራረባሉ። በመጨረሻ እናቲቱ ፈንድታ ስፖሩን ትለቀዋለች። ለአባ ሰንጋ ይህ ሁሉ የሚሆነው አየር ሲኖር ነው። በድንገት የሞተ ከብት አይታረድ፣ ሬሳው አይከፈት የሚባለውም ለዚሁ ነው፤ በፈሰሰው ደም ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አየር ሲያገኝ ስፖር ይሆናል።

ዲፒኮሊኒክ አሲድን ከስፖር ውስጥ ለይታ ያወጣችው በ1953 ጆአን ፖውል ናት፤ የምትሠራውም እዚያው ፖርተን ነበር። ስፖሩ ለመንቃት ብዙ አይፈልግም። አላኒንን የመሰሉ አሚኖ አሲዶች የስፖሩን መቀበያ ሲነኩ፣ በደቂቃዎች ውስጥ የተከማቸው አሲድና ካልሲየም ይወጣሉ፤ ውሃ ይገባል፤ ኢንዛይሞች ሽፋኑን ያፈርሳሉ። ዲኤንኤውን ሲጠብቁ የኖሩት ፕሮቲኖችም ተሰባብረው የአዲሱ ሕይወት የመጀመሪያ ስንቅ ይሆናሉ። በበግ ሰውነት ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው፤ በደሴቷ አፈር ውስጥ ግን ስፖሮቹ ሳይነቁ ለዐሥርት ዓመታት ቆዩ።

ስለዚህ ግሪንያርድ ማንም እንዳይረግጣት ተከለከለች። በ1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከደሴቷ የመጣ ነው የተባለ አፈር የያዘ ጥቅል በፖርተን አቅራቢያ ተገኘ፤ ያስቀመጡት ሰዎች መንግሥት ደሴቷን እንዲያጸዳ ይጠይቁ ነበር። መጠየቃቸው ተገቢ ነበር፤ በሕዝብ ስም የተበከለ መሬት አጥር ተደርጎለት ብቻ ሊተው አይገባም ነበርና። በ1986 ጽዳቱ ተጀመረ፦ በጣም የተበከለው የላይኛው አፈር ተነሣ፤ 280 ቶን የፎርማልዴሃይድ ፈሳሽ ከባሕር ውሃ ጋር ተበጥብጦ ተረጨ። ከዚያ በደሴቷ ላይ የተሰማሩት በጎች ጤነኛ ሆነው ቆዩ። ሚያዝያ 24 ቀን 1990 (እ.ኤ.አ.) የማስጠንቀቂያ ምልክቱ ተነቀለ፤ የቀድሞው ባለቤት ወራሾችም ደሴቷን መንግሥት በገዛበት ዋጋ፣ በ500 ፓውንድ መልሰው ገዙ።