የቀበሌ ቤት ኪራይ እና የአንኮበር ግንብ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። ስለ ቀበሌ ቤት ነው። ስለ አንኮበር ቤተ መንግሥትም ነው። "ሁለቱን ምን አገናኛቸው?" የምትሉ አላችሁ። የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ ቤት ከተሠራ በኋላ የሚጠግነው ማነው? በማን ገንዘብ?

ከሩቁ ልጀምር። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የመጨረሻ ዘመናቸውን ከ10 ዓመት በላይ እዚሁ ብርድ ውስጥ ነው ያሳለፉት። ከእርሳቸው በኋላ ከተማዋ ለረጅም ጊዜ ተዘንግታ ቆየች። የሸዋ መሳፍንት ሲነሡ ደግሞ ሚዛኑ ወደ አንኮበር ሄደ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበርን፣ አንጎለላንና ደብረ ብርሃንን እየተዘዋወሩ ነበር የሚቀመጡት። እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር ውል የተዋዋሉት በዚህ ዘመን ነው። ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ሲገቡ መንግሥታቸውን ያጸኑት አንኮበር ላይ ነው።

እንግዲህ ያ ሁሉ አዳራሽ፣ እልፍኝና አጥር በአብዛኛው እንጨት፣ ጭቃና የሣር ክዳን ነበር። አንኮበርን የሚያውቅ ሰው ጉሙን ያውቀዋል። በዚያ ጉምና ዝናብ የእንጨት ቤት በየዓመቱ እጅ ይፈልጋል። በጀት የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ገባር ነው። ገባሩ ከእህሉ ይገብራል፣ የንጉሡን ሁዳድ ያርሳል፣ እንጨት ይሸከማል፣ አጥር ያጥራል፣ ክዳን ይከድናል። አብያተ ክርስቲያናቱ ደግሞ የሰሞን መሬት ነበራቸው፤ ካህኑ የሚኖረውም ደብሩ የሚታደሰውም ከዚያ በሚገባው ነው።

ይሄን የምለው ዘመኑ ናፍቆኝ አይደለም። የገባሩ ልጆች ነን፤ አያቶቻችን ምን ያህል እንደተሸከሙ ከቤታችን ሰምተናል። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ግፍ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቤት ጠጋኙ ይታወቅ ነበር። የየትኛው አገር ሰው የቱን አጥር እንደሚያጥር፣ የትኛው መሬት የትኛውን ደብር እንደሚያኖር ምንም የሚያሻማ ነገር አልነበረውም።

መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም በ1879 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ጉልበቱም ግብሩም ተከትሎት ሄደ። አንኮበር ስሟን ይዛ ቀረች። ዛሬ ኮረብታው ላይ ብትወጡ የምታገኙት የጥንቱን ግንብ ጥቂት ቅሪት፣ እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ በግል ባለሀብት የተሠራውን የአንኮበር ፓላስ ሎጅ ነው። ሎጁን የሚነቅፉ አሉ። እኔ ግን ሰውየው ባይሠራው ኖሮ ስንቶቻችን እንወጣ ነበር እላለሁ። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው፦ የአንድ መንግሥት መነሻ የሆነ ቦታ ጥበቃው በእንግዳ መምጣትና አለመምጣት ላይ ተንጠልጥሎ መቅረቱ። መንገድ ሲዘጋና እንግዳ ሲቀር ምን እንደሚሆን ባለፉት ዓመታት አይተነዋል።

አሁን ወደ 1967 ዓ.ም. እንለፍ። ባለፈው ይህን ሳስተምር አንድ ተማሪ "መምህር፣ ትርፍ ቤት ማለት ምን ማለት ነው? ቤት እንዴት ይተርፋል?" ብሎ ጠየቀኝ። ወላጆቹ ተከራይ ናቸው፤ ጥያቄው እውነተኛ ነው።

በዚያ ዓመት ሁለት ትልልቅ አዋጆች ወጡ። የካቲት 25 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ። ገባርነት ቀረ፤ እሰየው። በዚያው ቀን ግን የሰሞን መሬትም ቀረ፤ የየደብሩ የጥገና ምንጭ አብሮ ደረቀ ማለት ነው። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 መጣ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር ሳይበልጥ። የቀረው ተወረሰ። ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በላይ የሆነው ቤት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ፤ 100 ብርና ከዚያ በታች የሆነው ለቀበሌ። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከተማ ደግሞ በዚያ ዘመን 100 ብር የሚከራይ ቤት ስንት ይሆናል ብላችሁ ነው? አብዛኛው የቀበሌ ሆነ። የድሃው ኪራይም ተቀነሰ፤ ዝቅተኛው ኪራይ እስከ ግማሽ ነው የወረደው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያነሣው ነገር አለ። አዋጁ ቀበሌን ኪራይ ሰብሳቢ ብቻ አላደረገውም። የሰበሰበውን ኪራይና ከመንግሥት የሚያገኘውን ድጎማ በርካሽ ዋጋ ቤት ለመሥራትና የነዋሪውን ኑሮ ለማሻሻል እንዲያውለው ነው ያዘዘው። የድሃው ኪራይ ለድሃው ቤት እንዲመለስ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ሲነበብ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እውነትም የሠሩ ቀበሌዎች ነበሩ። ቦኖ ውኃ፣ የጋራ መጸዳጃ፣ የኅብረት ሱቅ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ትንንሽ ድልድይ... ታላላቆቻችን "ይሄን ቀበሌ ነው የሠራው" ሲሉ ሰምታችኋል። ግን ያው ቀበሌ እስር ቤትም ነበረው፤ በቀይ ሽብር ጊዜ ልጆቻቸው ከዚያ ያልተመለሱላቸው እናቶች "ቀበሌ" የሚለውን ቃል በሌላ ጆሮ ነው የሚሰሙት። ሁለቱንም አንድ ላይ መናገር ያስፈልጋል።

ገንዘቡስ? ኪራዩ በ1967 ዋጋ ቆመ። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ሚስማር ግን አልቆሙም። ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ መጣ፣ የከተማ ቦታ በሊዝ ሆነ፤ የቀበሌ ቤት ኪራይ ግን በብዙ ቦታ ያው በጥቂት ብር ቀረ። አንድ ቤት በወር 10 ብር ቢከራይ በዓመት 120 ብር ነው። በ120 ብር ዛሬ አንድ ቆርቆሮ አይገዛም። ስለዚህ ቀበሌው አይጠግንም። ተከራይዋም አትጠግንም፤ ቤቱ የእርሷ አይደለም፣ ለመጠገን ፈቃድ ያስፈልጋታል፣ ነገ ለልማት ቢፈርስ ያወጣችውን የሚመልስላት የለም። ምርጊቱ ይረግፋል፣ ማገሩ ይታያል፣ ክረምት ላይ ባልዲ ይደረደራል። ሰብሳቢ አለው፣ ጠጋኝ የለውም።

አንዳንዱ ሰው "ኪራዩን ከፍ ማድረግ ነዋ!" ይላል። ማን ላይ? እነዚህ ቤቶች ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ጡረተኞችና አቅመ ደካማ እናቶች ናቸው። በእርግጥ በርካሽ ከቀበሌ ተከራይቶ በውድ ለሌላ የሚያከራይም አለ፤ መንደሩ ያውቀዋል። መንገድ ዳር ያሉ የቀበሌ ንግድ ቤቶችም አሉ። የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን በ2011 ዓ.ም. የንግድ ቤቶቹን ኪራይ ወደ ገበያው ሲያስጠጋ ጫጫታው ብዙ ነበር፤ ግን ኪራይ ከ1967 ዋጋ መውጣት እንደሚችል አሳይቷል። ከሱቁ መሰብሰብና እማማን መተው ይቻላል ለማለት ነው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ከተማችን ሌላ ከተማ ሆነች። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ብቻውን በነበረበት አገር በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ መጣ፣ ቢራ ፋብሪካዎች መጡ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፈተ። ቀጥሎ ደግሞ ከቤት ንብረታቸው የተፈናቀሉ ወገኖቻችን መጡ፤ ቻይና ካምፕና ወይንሸት መጠለያን የማያውቅ የደብረ ብርሃን ሰው የለም። ፋብሪካ የገቡ የቀድሞ ተማሪዎቼ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው ነው የሚከራዩት። ሥራ አገኙ፣ ደመወዛቸው ግን ከኪራይ አያልፍም።

መንግሥት ምንም አልሞከረም ማለት አይቻልም። ኮንዶሚኒየም በአዲስ አበባ ተጀምሮ በ1998 ዓ.ም. ወደ ክልል ከተሞች ወረደ። አሠራሩ ክልሎች በቦንድ ከንግድ ባንክ ተበድረው ሠርተው ለቆጣቢው ማስተላለፍ ነበር። በክልል ከተሞች ከጥቂት ዓመት በኋላ ተቋረጠና የቤት ማኅበር ተተካ። ማኅበሩ ጥሩ ነው፤ ግን ቀድሞ ገንዘብ ማስቀመጥ ለሚችል ነው። የቀን ሠራተኛው የት ይግባ? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ የኪራይ ጭማሪን ለመግታት ነው፤ አንድ አዲስ ክፍል ግን አይሠራም።

የቅርሱም ታሪክ ያው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ከአቅሙ በላይ ከሆነ መንግሥት ሊያግዝ ይችላል። "ሊያግዝ ይችላል" የምትለዋ ላይ አስምሩባት። ወረዳው በየዓመቱ ከሚመጣለት በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ነው የሚሄደው። መምህር ስለሆንኩ ከዚያ ደመወዝ አንዱ የእኔ ነው፤ ስለዚህ ደመወዝ ይቀነስ ብዬ አልከራከርም፣ ሃሃ። ግን ከደመወዝ የተረፈው የአንኮበርን ግንብ ይጠግናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል። ውጭ ያላችሁ የአንኮበር ልጆች ለደብራችሁ ማሠሪያ ስታዋጡ አያለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። መዋጮ ግን ጣሪያው ከፈሰሰ በኋላ ነው የሚመጣው። በየዓመቱ ለሚያስፈልግ ጥገና አይሆንም።

አሜሪካ ማሳቹሴትስ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ የምታውቁት አሠራር አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሕግ ነው። አንድ ከተማ ነዋሪው በድምፁ ከተስማማ በንብረት ግብሩ ላይ እስከ 3 በመቶ ይጨምራል። ልብ በሉ፣ የቤቱን ዋጋ 3 በመቶ አይደለም፤ የግብሩን ነው። 1,000 ብር ግብር የሚከፍል ቢበዛ 30 ብር ይጨምራል ማለት ነው። ገንዘቡ ከሌላው በጀት ጋር አይቀላቀልም። በየዓመቱ ከሚገባው ቢያንስ 10 በመቶ ለታሪካዊ ቅርስ፣ 10 በመቶ አቅም ለሌላቸው ሰዎች መኖሪያ፣ 10 በመቶ ለክፍት ቦታና ለአረንጓዴ ስፍራ ይመደባል። የቀረውን የከተማው ኮሚቴ እያመከረ ይደለድለዋል። የክልላቸው መንግሥትም ከንብረት ምዝገባ ክፍያ ከሚሰበስበው ይጨምርላቸዋል። ቦስተን ራሷ እ.ኤ.አ. በ2016 ድምፅ ሰጥታ ገባች፤ እርሷ የጨመረችው 1 በመቶ ነው።

እኛ ማሳቹሴትስ አይደለንም፣ ገባኝ። የወሰድኩት ሐሳብ ግን ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ አዋጅ 47 የድሃውን ኪራይ ለድሃው ቤት ሲያዝዝ እዚያው ሐሳብ ላይ ነበር። የጎደለው ብሩን ለይቶ የሚያስቀምጥ አሠራርና ለነዋሪው የሚነበብ ሒሳብ ነው። የእኛ ቀበሌ ሕጉ ነበረው፣ የተለየ ሣጥን ግን አልነበረውም።

ይህን አሁን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። ዛሬም ይሁን ነገ ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ያለው ሰው በቤቱ ግምት ታክስ ይከፍላል። የከተማው ምክር ቤት ዝርዝሩን ሲያወጣ ነው ይህ መጠየቅ ያለበት፤ ገንዘቡ አንዴ ከጠቅላላው በጀት ጋር ከተቀላቀለ በኋላ መለየት አይቻልም። እኔ የምጠይቀው ይሄን ነው፦ ከንብረት ታክሱ ትንሽም ብትሆን የተወሰነች እጅ፣ ከቀበሌ ንግድ ቤቶች ኪራይ ጋር ተደምራ በተለየ ሒሳብ ትቀመጥ። መጀመሪያ ሰው ያለባቸው የቀበሌ ቤቶች ጣሪያ ይጠገን፣ ቀጥሎ ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ የሚከራይ ቤት ይሠራ፣ ከዚያችው ላይ ለቅርስም ይቆረስ። የአንኮበር ወረዳ እንደ ደብረ ብርሃን ታክስ የሚሰበስብበት ከተማ የለውም፤ እዚያ ላይ ዞኑና ክልሉ ናቸው መጨመር ያለባቸው። ምን ያህል ገባ፣ የማን ጣሪያ ተሠራ የሚለው ደግሞ በየሩብ ዓመቱ ቀበሌ በር ላይ ይለጠፍ።

በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ካየነው ብዙው የቀበሌ ቤት ነበር። ልማቱን አልቃወምም። ግን 50 ዓመት ሳይጠገን የቆየ ቤት ላይ "አርጅቷል" ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ከእነዚያ መሐል ቢጠገኑ ኖሮ የከተማ ታሪክ የሚሆኑ ነበሩ፤ ደብረ ብርሃንም ውስጥ የድንጋይ ግድግዳቸው ገና ያልተነቃነቀ፣ ጣሪያቸው ብቻ ያለቀ የተወረሱ ቤቶች አሉ።

አሁን ሥራ ልስጣችሁ። እናት አባቶቻችሁ፣ አያቶቻችሁ ጋ የድሮ የቀበሌ ኪራይ ደረሰኝ ወይም የኪራይ ደብተር ካለ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ስምና የቤት ቁጥር ሸፍኑት፣ ዓመተ ምሕረቱና ብሩ ይታይ። ከ1967 እስከ ዛሬ በተርታ ደርድሬ ላሳያችሁ አስቤያለሁ። የንብረት ታክሱ ውይይት ሲጠራም ያንን ይዤ እገባለሁ።

የአንኮበር ልጆች፣ ከእናንተ ደግሞ የግንቡን የድሮ ፎቶ እጠብቃለሁ።

መልካም ሳምንት!