የእጅን ሥራ የሚቀዳ መሣሪያ

በኮምፒዩተር ሙያ ውስጥ ፍተሻ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ፥ ምስጋናው ግን ጥቂት የሆነ ሥራ ነው፡፡ አንድ ድረ ገጽ በተሻሻለ ቁጥር ፈታሹ ያንኑ ስም ጽፎ፥ ያንኑ አዝራር ተጭኖ፥ ያንኑ መልስ ጠብቆ፥ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬም መሥራቱን ማረጋገጥ አለበት፡፡ እጅ ይደክማል፤ ዓይንም መቶ ጊዜ ያየውን መልሶ ሲያይ ማስተዋሉን ይተዋል፡፡ ስለዚህ ሰው አንድ ጊዜ የሠራውን መሣሪያው ቀድቶ ይያዝ፥ ከዚያ ወዲያም ራሱ ይድገመው የሚለው ሐሳብ ድረ ገጽ ከመፈጠሩ በፊትም የነበረ ነው፡፡

በ1990ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን ሐሳብ ለገበያ ካቀረቡት ድርጅቶች አንዱ፥ በ1989 የተቋቋመው መርኩሪ ኢንተራክቲቭ ነበር፡፡ ዊንራነር የተባለው መሣሪያው የማውሱንና የቁልፍ ሰሌዳውን እንቅስቃሴ እየቀዳ በራሱ ቋንቋ ስክሪፕት ይጽፍ ነበር፡፡ ነገር ግን መሣሪያው የሚሸጥ ነበርና ገንዘብ የሌለው ፈታሽ ሊደርስበት አይችልም ነበር፡፡

በ2004 በቺካጎ ከተማ የቶትወርክስ ባልደረባ የነበረው ጄሰን ሀጊንስ፥ የሠራተኞችን የሥራ ሰዓትና ወጪ የሚመዘግብ የድርጅቱን ፕሮግራም ሲፈትሽ ሰሌኒየምን ሠራ፡፡ ስሙ የመጣው ከቀልድ ነው፡፡ መርኩሪ ማለት ባዜቃ ነውና፥ የባዜቃ መርዝ ማርከሻው ሰሌኒየም ነው ተብሎ ተሳቀ፤ ቀልዱም ስም ሆኖ ቀረ፡፡ ሰሌኒየም በነፃ የሚገኝ ሲሆን፥ ትእዛዞቹ የሚጻፉት ሦስት ዓምድ ባለው ሠንጠረዥ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓምድ የሚደረገው ነገር፥ በሁለተኛው የሚደረግበት ቦታ፥ በሦስተኛው ደግሞ የሚጻፈው ቃል ይቀመጣል፡፡

ሠንጠረዡን በእጅ መሙላት ግን አሰልቺ ነበር፡፡ ይህን ችግር ያቃለለው ጃፓናዊው ሺንያ ካሳታኒ ነው፡፡ ፋየርፎክስ በተባለው ብራውዘር ላይ የሚገጠም ተጨማሪ ፕሮግራም አዘጋጅቶ በ2006 ለሰሌኒየም ፕሮጀክት በስጦታ ሰጠ፤ ሰሌኒየም አይዲኢ የተባለው ይህ ነው፡፡ ፈታሹ ቀዩን የመቅጃ አዝራር ተጭኖ እንደ ወትሮው ሥራውን ሲሠራ፥ ሠንጠረዡ በጎን በኩል በራሱ ይሞላል፡፡ ፕሮግራም መጻፍ የማይችል ሰው ያለማንም እርዳታ የፍተሻ ስክሪፕት ባለቤት ሆነ፡፡ የመሣሪያው ታላቅ ውለታ ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚነሣው ነቀፌታ ሁሉ ይህን አያስቀረውም፡፡

የመጀመሪያው ነቀፌታ አድራሻን የሚመለከት ነው፡፡ መሣሪያው አንድ አዝራር በተጫኑ ጊዜ፥ ያ አዝራር በኋላ የሚገኝበትን አድራሻ መምረጥ አለበት፡፡ አዝራሩ የራሱ መለያ ስም ካለው መልካም ነው፡፡ ከሌለው ግን በገጹ አቀማመጥ ላይ የተመሠረተ፥ ኤክስፓዝ የተባለ አድራሻ ይጽፋል፤ ይኸውም «በሦስተኛው ሠንጠረዥ፥ በሁለተኛው መሥመር ያለው» እንደ ማለት ነው፡፡ «ከቀዩ በር ቀጥሎ ሦስተኛው ቤት» ተብሎ የተላከ እንግዳ፥ መሐል ላይ አዲስ ቤት ከተሠራ የማያውቀውን ሰው ደጅ ያንኳኳል፡፡ ስክሪፕቱም እንደዚሁ ነው፤ ገጹ ደኅና ሳለ ተበላሽቷል ብሎ ይጮኻል፥ ወይም፥ ከዚህ የከፋው፥ የሌላውን አዝራር ተጭኖ ሁሉም ደኅና ነው ይላል፡፡

ሁለተኛው የጊዜ ነገር ነው፡፡ ሰው ገጹ እስኪመጣ በዓይኑ ይጠብቃል፤ መጠበቅ ግን እጅ የማይሠራው ሥራ ስለሆነ አይቀዳም፡፡ ገጹ በሙሉ ሲቀየር መሣሪያው ጥበቃውን ራሱ ይጨምር ነበር፡፡ በ2005 ኤጃክስ የተባለው አሠራር ስም አግኝቶ ገጾች በከፊል ብቻ መለወጥ ሲያበዙ ግን፥ የጥበቃውን ትእዛዝ በየቦታው የሚያስገባው ፈታሹ ራሱ ሆነ፡፡

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው፡፡ ፈታሹ «ላክ» የሚለውን አዝራር ተጭኖ፥ ድምሩ ትክክል መሆኑን በዓይኑ አይቶ ያልፋል፡፡ መሣሪያው መጫኑን ይቀዳል፤ ማየቱን አይቀዳም፡፡ እንዲህ ያለው ስክሪፕት በተደገመ ጊዜ፥ ድምሩ የተሳሳተ ቢሆን እንኳ አዝራሩ እስካለ ድረስ አለፈ ይባላል፡፡ ካሳታኒ ይህን አልዘነጋም፡፡ በገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ በማውሱ ቀኝ አዝራር ሲጫኑ የማረጋገጫ ትእዛዞች ይዘረዘሩ ነበር፤ «አሰርት» የተባለው ስሕተት ሲያገኝ ፍተሻውን ያቆማል፥ «ቬሪፋይ» የተባለው ስሕተቱን መዝግቦ ይቀጥላል፡፡ ነገር ግን የትኛው ጽሑፍ መረጋገጥ እንዳለበት የሚያውቀው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፡፡

በአማርኛ ለሚጽፍ ፈታሽ ልዩ ነገር ነበረው፡፡ «ሰላም» ለማለት ብዙ ሰው የላቲን ቁልፎችን ይነካል፤ ፊደሉን የሚለውጠው ሌላ ፕሮግራም ነው፡፡ ሰሌኒየም አይዲኢ በሳጥኑ ውስጥ ተጽፎ ያለቀውን ቃል እንጂ እያንዳንዱን ቁልፍ አይቀዳም ነበርና፥ በሠንጠረዡ ላይ የሚገኘው በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ቃል ነው፡፡ ጉዳቱ፥ በተነካ ቁልፍ ሁሉ አዲስ ሐሳብ የሚያቀርቡ ገጾች በዚህ መንገድ በሚገባ ሊፈተሹ አለመቻላቸው ነበር፡፡

ሳይመን ስትዋርት የጀመረው ዌብድራይቨር ከሰሌኒየም ጋር ተዋሕዶ በ2011 ሰሌኒየም 2 ሲወጣ፥ የሙያው ዓይን ወደሚጻፈው ፕሮግራም ዞረ፤ መቅጃውም የጀማሪ መጫወቻ ተደርጎ ተናቀ፡፡ ንቀቱ ፍትሐዊ አልነበረም፡፡ መሣሪያው የተቀዳውን ወደ ጃቫ፥ ወደ ፓይተንና ወደ ሩቢ ይገለብጥ ነበርና፥ ፕሮግራም መጻፍን በዚህ በር ገብቶ መማር ይቻል ነበር፡፡ በነሐሴ 2017 ፋየርፎክስ 55 ሲወጣ መሣሪያው መሥራቱን አቆመ፡፡ ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ብራውዘሩ የቀድሞውን የተጨማሪ ፕሮግራም ሥርዓት እየተወ ነበር፥ መሣሪያውን የሚጠግኑትም በጣት የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ብቻ ነበሩ፡፡ ተጠቃሚው ብዙ፥ ጠጋኙ ጥቂት መሆኑ የታየው መሣሪያው ከወደቀ በኋላ ነው፡፡

በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት የአፕሊቱልስ ድርጅት ባለሙያዎች መሣሪያውን ለክሮምም ለፋየርፎክስም እንደ አዲስ ሠሩት፡፡ አዲሱ ለአንድ አዝራር ብዙ አድራሻ ይይዛል፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላውን ይሞክራል፡፡ ማይክሮሶፍት በ2020 ያወጣው ፕሌይራይት ደግሞ ከአቀማመጥ ይልቅ ሰው የሚያነበውን ጽሑፍና የነገሩን ተግባር እንደ አድራሻ ያስቀድማል፤ «ላክ የሚል አዝራር» ብሎ ይጽፋል፡፡ በመቅጃው ላይም አንድ ጽሑፍ መታየቱን ወይም ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጡ አዝራሮች ኋላ ተጨምረውለታል፤ እነዚህንም ፈታሹ እየመረጠ ይጫናል፡፡