ፊስኮሚትሪየም ፓተንስ፤ የወንዝ ዳር ጭቃ ሳረንስት

ፊስኮሚትሪየም ፓተንስ በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ፣ ውኃ ሞልቶ በጎደለበት የወንዝ፣ የኩሬና የግድብ ዳር ጭቃ ላይ የሚበቅል፣ ቁመቱ ከ5 ሚሊ ሜትር እምብዛም የማያልፍ፣ ዕድሜውም ከአንድ ወቅት የማይዘልቅ ረቂቅ የሳረንስት ወገን ነው። በእንግሊዝ አገር ጥንተ በቀል ከሆኑት ዕፀዋት አንዱ ሲሆን፣ ብርቅ የሚያሰኘው የሚገለጥበት ጊዜ ማጠር ነው፤ ውኃው ከዳርቻው ሳይሸሽ የከረመ እንደ ሆነ ደብዛው ይጠፋል፤ ነሐሴና መስከረም ላይ፣ በዚያ አገር ወንዙ በሚጎድልበት ወራት፣ ጭቃው ሲገለጥ ግን ውስጡ ተቀብሮ ከቆየው ስፖር፣ እንደ ዘር ከሚያገለግለው ደቂቅ ብናኝ፣ ይበቅላል።

በማጉያ መነጽር ለሚመረምረው ሰው፣ ቅጠሎቹ ሞላላ፣ ጫፋቸው የሾለ፣ ጠርዛቸው ጥርስ ያወጣ፣ ብርሃን እስኪያሳልፉ ድረስ የሳሱ ናቸው፤ በመካከላቸውም ክቡ የስፖር ሙዳይ፣ አገዳው እጅግ አጭር በመሆኑ፣ በቅጠሉ እንደ ታቀፈ ተቀምጦ ይታያል። የብዙዎቹ ሳረንስቶች ሙዳይ ስፖሩ ሲበስል የሚወድቅ ክዳን ሲኖረው፣ የዚህኛው ግን ስለሌለው፣ ግድግዳው በስብሶ ሲፈርስ ስፖሩ እዚያው በበቀለበት ጭቃ ላይ ይራገፋል። የወንዱና የሴቱ አካል በአንዱ ተክል ላይ ይገኛሉ፤ የወንዱ ሕዋስ በስስ የውኃ ሽፋን ውስጥ ዋኝቶ ካልደረሰ ፅንስ አይፈጠርም። ተዋልዶውም የሚነቃቃው ቀኑ ሲያጥርና አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው።

የሳረንስት ጥናት አባት የሚባለው የላይፕሲሹ ሊቅ ዮሐን ሄድቪግ፣ ካረፈ በኋላ በ1801 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በታተመለት መጽሐፍ ፋስኩም ፓተንስ ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ከዚያም ብሩክና ሺምፐር ፊስኮሚትሬላ በሚባል የራሱ ወገን ለዩት፤ ዛሬ ግን ከፊስኮሚትሪየም ወገን ይቆጠራል። ይህ ሺምፐር፣ ዓድዋ ተቀምጦ የኢትዮጵያን ዕፀዋት ሲሰበስብ ኖሮ እዚያው በ1878 ያረፈው የጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር የቅርብ ዘመድ ነው።

ሳረንስቱ የዓለምን ጠቢባን ዓይን የሳበው ግን በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1962 የካምብሪጁ ምሁር ሃሮልድ ኋይትሃውስ ከግራንስደን ደን አንድ ናሙና ሰበሰበ፤ ከዚያ ከአንዲት ስፖር የተገኘው ዘርም በየአገሩ ቤተ ሙከራ ተባዛ። ዘረ መሉን በተፈለገው ቦታ ላይ መለወጥ እንደሚቻል በ1997 ከታወቀ በኋላ ዝናው ገነነ፤ በ2008ም ከሳረንስት ሁሉ ቀድሞ ሙሉ ዘረ መሉ ተነበበ። ከሕዋሱ የሚመረት መድኃኒትም ፋብሪ ለሚባለው በዘር ለሚወረስ በሽታ በሰው ላይ ተሞክሯል።

ይህን ያህል ክብር ያገኘ ዕፅ ጥበቃ የማያሻው ሊመስል ይችላል፤ በጀርመን አገር በፍራይቡርግ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ማዕከልም ዘሩ በቅዝቃዜ ተጠብቆ ይገኛል። ነገር ግን የግራንስደን ዘር በቤተ ሙከራ ለብዙ ዘመን ሲባዛ የወንድነት ኃይሉ ስለ ደከመ፣ ተመራማሪዎች ተዋልዶውን ለማጥናት ወደ ዱር ተመልሰው፣ ከፍራይቡርግ አጠገብ ካለችው ከሮይቴ ፍሬያማ የሆነ ሌላ ዘር ለመሰብሰብ ተገደዋል። የጠርሙሱ ዘር የጭቃውን ዘር እንደማይተካ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

በብሪታንያ ይህ ሳረንስት እስካሁን በአስጊ ሁኔታ ላይ ካሉት ተርታ አልተሰለፈም፤ በሰሜን እንግሊዝ በግድብ ዳር ጭቃ ላይ የሚገኘው ዘመዱ ፊስኮሚትሪየም ስፌሪኩም ግን ከእርሱ ይልቅ ብርቅ ነው፤ የሁለቱም ሕልውና በአንድ ነገር፣ ይኸውም በውኃው መሙላትና መጉደል ላይ የቆመ ነው። ወንዙ በሲሚንቶ ግንብ ሲታጠር፣ የግድቡ ውኃ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ልክ ሲያዝ፣ ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያ ረጃጅም ሣር አብቅሎ ዳርቻውን ሲያጨልመው፣ ለብርሃን የተገለጠው ባዶ ጭቃ ይጠፋል። ከአውስትራሊያና ከኒው ዚላንድ መጥቶ በእንግሊዝ ኩሬዎች የተስፋፋው ክራሱላ ሄልምሲ የሚባለው አረምም ይህንኑ ጭቃ እንደ ምንጣፍ ይሸፍነዋል።

ስለዚህ ጥበቃው አጥር ማጠርን ብቻ የሚጠይቅ አይደለም፤ የከብት ኮቴ እንኳ በመጠኑ ከሆነ ሣሩን ገልጦ ጭቃውን ይከፍትለታል። ግድብ የሚያስተዳድሩ ሁሉ ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ውኃው በተፈጥሮ ልኩ እንዲጎድል ቢፈቅዱ፣ አረሙንም ሥር ሳይሰድ ቢነቅሉ፣ የተቀበረው ስፖር የቀረውን በራሱ ይፈጽማል።