የእጅ ንጽሕና በጽኑ ሕሙማን ክፍል፦ ታካሚዎችና አስታማሚዎች ማወቅ ያለባቸው

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ወይም በተለምዶ አይሲዩ በሚባለው ክፍል የተኛ ሰው፣ ከገባበት ሕመም በተጨማሪ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ሌላ ኢንፌክሽን ሊይዘው ይችላል። ጀርሞች ከታካሚ ወደ ታካሚ ከሚተላለፉባቸው ዋና መንገዶች አንዱ እጅ ነው።

አደጋው በዚህ ክፍል ለምን ይበልጣል?

ጤነኛ ሰው ጀርምን በቆዳው ያግዳል፣ በሳል ያስወጣል፣ በሽንት ያጥባል። በጽኑ የታመመ ሰው ግን የመተንፈሻ ቱቦ፣ በትልቅ የደም ሥር የገባ ቱቦ ወይም የሽንት ቱቦ (ካቴተር) ሊኖረው ይችላል። እነዚህ ለሕክምናው አስፈላጊ ቢሆኑም ጀርም ወደ ሳንባ፣ ወደ ደምና ወደ ፊኛ የሚገባበትን መንገድ ይከፍታሉ። ባለሙያዎችም ታካሚውን በቀን ብዙ ጊዜ ይነኩታል።

ባለሙያዎች እጃቸውን መቼ ማጽዳት አለባቸው?

የዓለም ጤና ድርጅት አምስት ጊዜያትን ያስቀምጣል፦

1. ታካሚውን ከመንካታቸው በፊት
2. ቱቦ እንደማስገባት ወይም ቁስል እንደማሸግ ያለ፣ ከጀርም ንጹሕ መሆን ያለበት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት
3. ደም፣ ሽንት፣ አክታ ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ሊነካቸው ከሚችል ሥራ በኋላ
4. ታካሚውን ከነኩ በኋላ
5. ታካሚውን ባይነኩም እንኳ አልጋውን ወይም በዙሪያው ያለ ዕቃ ከነኩ በኋላ

በምን ይጸዳል?

እጅ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር ይመረጣል፤ እስኪደርቅ ድረስ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይታሻል። ቆሻሻ ወይም ደም ከታየ በውኃና በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል፤ ይህም ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። ጓንት የእጅ ንጽሕናን አይተካም። ለእያንዳንዱ ታካሚ መለወጥ አለበት፤ ከወለቀ በኋላም እጅ ይጸዳል።

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

• ወደ ክፍሉ ሲገቡና ሲወጡ እንዲሁም ታካሚዎን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን ያጽዱ።
• ቱቦዎችንና የቁስል ፋሻን አይነካኩ።
• ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሄደው ሕመምተኛ አይጨብጡ።
• ጉንፋን፣ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ካለብዎት እስኪሻልዎት ድረስ ለጥየቃ አይሂዱ።

መጠየቅ ነውር አይደለም

ብዙ አስታማሚዎች ሐኪሙን ወይም ነርሷን እንዳያስቀይሙ ፈርተው ዝም ይላሉ። በዚህ ክፍል የተኛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ራሱ መናገር ስለማይችል ስለ እርሱ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። «ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አባቴን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን ቢያጸዱልኝ?» ማለት በቂ ነው። ባለሙያዋ እርስዎ ሳያዩ አጽድታ ሊሆን ስለሚችል በትሕትና ይጠይቁ። ሳሙና ወይም ሳኒታይዘር ካለቀ ለክፍሉ ኃላፊ ነርስ ይንገሩ። ድንገተኛ ሁኔታ ከተፈጠረ ግን ቦታ ይልቀቁላቸው።

ታካሚው አዲስ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከጀመረው፣ ወይም ቱቦ የገባበት ቦታ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ወዲያውኑ ለባለሙያ ያሳውቁ።